የሐሙስ ማታ ኩባንያ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለመጻሕፍት ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ

እንደምን አመሻችሁ። ማይክሮፎኑን ትንሽ ራቅ አድርጉልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ማሽን አጠገብ የሠራ ሰው ሳያስበው ነው የሚጮኸው።

የጋበዙኝ ልጆች "ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ይንገሩን" ሲሉኝ በር የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር። እኔ ደራሲ አይደለሁም፤ መምህርም አይደለሁም። ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ጽሑፍ የሚሰናዳው በእጅ ነበር። ከእርሳስ የተቀረጸውን እያንዳንዱን ፊደል ከሣጥኑ እየለቀምን፣ በመስተዋት እንደሚታይ አዙረን እንደረድረዋለን። እንግሊዛዊው ለቃሚ 26 ፊደሉን ትልቅና ትንሽ አድርጎ ቢቆጥር 52 ነው። እኛ 33ቱን በ7 አባዝተን 231፣ በዚያ ላይ ዲቃላዎቹን እነ "ቋ"ን እና እነ "ጓ"ን ጨምረን፣ እጃችን ከሣጥን ወደ ሣጥን ሲሮጥ ይውላል።

ስለዚህ ሰዎች ወደ ማርስ ስለሚጓዝ መርከብ ሲያወሩ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ታሪኩ የታተመበትን ወረቀት ማን ገዛው? ማን ጠረዘው? ሳይሸጥ የቀረው የማን አልጋ ሥር ገባ? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የለንደን አሳታሚ ኩባንያ ነው፤ ኖቫ ፐብሊኬሽንስ ትባላለች። ከዚህ በኋላ ስለ ውጭው አገር ስናገር ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። የራሳችንን ስጠራ ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀፊራ ገበያ ነው። እናቴ ቅርንፉድ ገዝታ ስትመጣ የተጠቀለለበት ወረቀት ከፈረንሳይኛ መጽሔት የተቀደደ ገጽ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር የመጣ የዕቃ መጠቅለያ መሆን አለበት። በላዩ ላይ ጅራቷ እሳት የምትተፋ እርሳስ የመሰለች ነገር፣ ከበታቿ ደግሞ ዙሪያው ቀለበት የሆነ ዓለም ተሥሏል። ጽሑፉን ማንበብ አልቻልኩም። ወረቀቱ ግን ለብዙ ሳምንታት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸተኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም ጠፈር ሲባል ትዝ የሚለኝ ያ ሽታ ነው። ይህን የማነሣው እንዲያው ለናፍቆት አይደለም። የእንግሊዝ ወጣቶችም ይህን ዓይነት ንባብ ያገኙት በተመሳሳይ መንገድ፣ ከወደብ በተራገፈ ተራፊ ወረቀት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በአሜሪካ ሳይሸጡ የቀሩ መጽሔቶች በመርከብ እየተጫኑ እንግሊዝ ይገቡ ነበር፤ የመርከብ ማመዛዘኛ ክብደት ሆነው ነው የመጡት ይባላል። በርካሽ ዕቃ መደብሮች ውስጥ በሳንቲም ይቸረቸሩ ነበር።

የመጽሔቱ ዓይነት የተጀመረው አሜሪካ ነው። ሁጎ ጌርንስባክ የሚባል ከሉክሰምበርግ የተሰደደ የሬዲዮና የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ በሚያዝያ 1926 "አሜዚንግ ስቶሪስ" የተባለውን መጽሔት አወጣ። ከእሱ በፊት "ዊርድ ቴልስ" የተባለ የአስፈሪና የምትሃት ታሪኮች መጽሔት በመጋቢት 1923 ጀምሯል፤ ከዳር እስከ ዳር በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ብቻ የተሞላው ግን የጌርንስባክ ነበር። ሰውየው ለጸሐፊዎቹ ገንዘብ በመክፈል ረገድ መልካም ስም አልነበረውም፤ ኩባንያውም በ1929 ከሰረበት። እኔ የማደንቀው አንድ ነገሩን ነው። የአንባቢዎችን ደብዳቤ ሲያትም ከነአድራሻቸው ያትም ነበር። አያችሁ፣ ይህ ከሮኬቱ ሁሉ ይበልጣል። አንዱ አገር ያለ ብቸኛ አንባቢ ሌላው ከተማ ያለውን ብቸኛ አንባቢ አገኘው፤ ተጻጻፉ፤ ክበብ መሠረቱ። በ1934 ጌርንስባክ ራሱ በሌላ መጽሔቱ አማካይነት የአንባቢዎች ማኅበር አቋቋመ፤ ቅርንጫፉም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ደረሰ።

ኑኒተን በምትባል የእንግሊዝ ትንሽ ከተማ የነበረው ቅርንጫፍ በ1936 በማባዣ ማሽን የተባዛች አንዲት ጋዜጣ መሰል ቅጠል ማውጣት ጀመረ። ስሟ በላቲን "ኖቬ ቴሬ" ነው፤ አዳዲስ ምድሮች ማለት ነው። ስቴንስል፣ የማባዣውን ሰም ወረቀት ማለቴ ነው፣ የቆረጣችሁ ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ እጃችሁን አንሡ እስቲ። ሁለት፣ ሦስት... ጥሩ። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳታችሁ ቀዩን ማረሚያ ቀለም ቀብታችሁ፣ እፍ ብላችሁ፣ አድርቃችሁ ነው። የአዘጋጁ ኑሮ ወደ ለንደን ሲዛወር ቅጠሏም አብራው ተዛወረች። በ1939 ጆን ካርኔል የተባለ፣ ወዳጆቹ "ቴድ" የሚሉት ወጣት ተረከባትና ላቲኑን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጦ "ኒው ወርልድስ" አላት። ወዲያው ጦርነቱ መጣ።

ካርኔል ቆራጥ ሰው ነበር። በ1940 መጽሔቷን እውነተኛ የኪዮስክ መጽሔት የሚያደርግለት አሳታሚ አገኘ፤ ጽሑፎች ከአሜሪካ ሳይቀር ተሰበሰቡ፤ አሳታሚው ግን የመጀመሪያው እትም ከመውጣቱ በፊት ፈረሰ። ካርኔል ወደ ጦር ሠራዊቱ ሄደ። በ1946 ሲመለስ ያው ሐሳብ በልቡ አለ። ፔንዱለም ፐብሊኬሽንስ የተባለ ድርጅት እሺ አለውና በዚያው ዓመት የመጀመሪያው የ"ኒው ወርልድስ" እትም ገበያ ወጣ።

ከታተመው 15,000 ቅጂ የተሸጠው 3,000 ያህሉ ነው። የቀረው ተከመረ።

እዚህ ላይ እንደ ማተሚያ ቤት ሰው ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ፤ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ቦታ ነው። ካርኔል ጥፋቱን ጽሑፎቹ ላይ አልፈለገም። ሽፋኑን ተመለከተ። ሽፋኑ ደካማ ነበር። ለሁለተኛው እትም ራሱ ንድፍ ነድፎ ለሠዓሊ ሰጠ፤ ሁለተኛው እትም ተሸጦ አለቀ። ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? የመጀመሪያውን እትም ክምር አወጡና አሮጌውን ሽፋን ገፍፈው የአዲሱን ዓይነት ሽፋን አለበሱት፤ እንደገናም ለገበያ አቀረቡት። ውስጡ ያው ነው፤ ልብሱ ብቻ ተለወጠ። ዛሬ የመጀመሪያው እትም ባለ ሁለት ዓይነት ሽፋን የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ደራሲዎች ይህን ስነግራቸው ይከፋቸዋል፤ እኔ ደግሞ ፈገግ እላለሁ። አንባቢ መጀመሪያ የሚያነበው ሽፋኑን ነው፤ ያን የሚሠራው ደግሞ ደራሲው አይደለም።

ሦስተኛው እትም በ1947 ወጣ፤ ፔንዱለም ከሰረ። ሁለተኛ ሞት በሉት።

አሁን ወደ ርዕሴ ገባሁ። ለንደን ውስጥ ፌተር ሌን በሚባል ጎዳና ላይ "ነጩ ፈረስ" የሚባል መጠጥ ቤት ነበር። ከ1946 ጀምሮ የዚህ ንባብ ወዳጆች ሐሙስ ሐሙስ ማታ እዚያ ይሰበሰቡ ነበር። አባልነት የለም፤ መዋጮ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የለም። ቢራቸውን ይዘው ስለ ጨረቃ ይከራከራሉ። ከተቀማጮቹ አንዱ አርተር ክላርክ ነው። በጥቅምት 1945 በአንድ የሬዲዮ ቴክኒክ መጽሔት ላይ ሦስት ሳተላይቶች በምድር ወገብ ትይዩ ቢቀመጡ ዓለምን ሁሉ በሬዲዮ ማገናኘት ይቻላል ብሎ የጻፈው ሰው ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ጣሪያ ላይ የምታዩት ሳህን ሁሉ ፊቱን ያዞረው እሱ ወደ ጠቆመው ሰማይ ነው። ይኸው ክላርክ በኋላ የመጠጥ ቤቱን ወግ መነሻ አድርጎ የአጫጭር ታሪኮች መድበል ጽፏል፤ ፈረሱን ግን አጋዘን አድርጎታል።

እኛም የዚህ ዓይነት ስብሰባ አለን። ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም፤ እዚህ አገር ያደገ ሰው በርጫ ምን እንደሆነ ያውቃል። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ ሺሻው በአንድ በኩል፣ ቀዝቃዛው ውኃ በሌላ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ የተጀመረ ጨዋታ አሥር ሰዓት ላይ ፋብሪካ ይሆናል፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፋብሪካው ባለ ዐሥር ፎቅ ነው። በምርቃና ያልተሠራ ድልድይ፣ በምርቃና ያልተቋቋመ ጋዜጣ ድሬዳዋ ውስጥ የለም። ምሽት ላይ መብራት ሲበራ ግን እያንዳንዱ ጫማውን ፈልጎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ፎቁን እዚያው ምንጣፉ ላይ ትቶ ይወጣል። ነጩ ፈረስም ያው ነበር። ቢራ ይሁን ጫት ልዩነት የለውም።

ታዲያ የኖቫ ታሪክ ተአምሩ ይህ ነው። የሐሙስ ማታው ሐሳብ ዓርብ ጠዋት ላይ አልሞተም። ፔንዱለም ከሰረ ሲባል እነዚያ ሰዎች "እንግዲህ እኛው ለምን አናሳትመውም?" ተባባሉ። ይህን ማለት ቀላል ነው። እነሱ ግን ከኪሳቸው ገንዘብ አወጡ። በአክሲዮን የተዋጣ ኩባንያ አቋቋሙ። ሊቀ መንበር መረጡ፤ ዳይሬክተሮች ሰየሙ። ሊቀ መንበሩ ጆን ዊንደም ነበር። ያን ጊዜ ታዋቂ አይደለም፤ በ1951 የሚራመዱና የሚናደፉ ተክሎች ዕውር የሆነውን የሰው ልጅ ሲያሳድዱ የሚያሳይ ልብ ወለድ አውጥቶ ነው ዓለም ያወቀው። ካርኔል አዘጋጅ ሆነ። በ1949 መጽሔቷ እንደገና ወጣች።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቁጥር 1 ብለው አልጀመሩም። የከሰረው ድርጅት ሦስት አውጥቶ ነበርና ቁጥር 4 አሉት። በዚህ ጉዳይ ላይ ከአንድ ወዳጄ ጋር ተከራክረናል፤ እሱ "የነጋዴ ብልሃት ነው፣ አዲስ መጽሔት ማንም አያምንም" ይላል። እኔ አደራ ነው የምለው። ኑኒተን ላይ በስቴንስል የተጀመረ ነገር ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ እነሱ ጋ ደረሰ፤ ቁጥሩን ማቋረጥ ነውር መሰላቸው። ለዚህ ማስረጃ የለኝም። ነገር ግን እኔ ያደግኩበት ከተማ አደራ የሚባለውን ነገር በወረቀት ላይ አይቷልና እንዲያ ብዬ አነብበዋለሁ።

ያየውን ልንገራችሁ፤ ከርዕስ መውጣቴን አውቃለሁ። ሕትመት ወደዚህ አካባቢ የመጣው ቀደም ብሎ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ሐረር ውስጥ የካቶሊክ ሚሲዮን የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚረዱበት ሥፍራ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማተም ጀምሮ ነበር። ከዚያ ማተሚያው ድሬዳዋ ባቡሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት ነው። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ስለሆነ ወረቀቱም ቀለሙም በሐዲድ ይመጣል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ እዚህ ከተማ ተቀምጠው ነው ሥራቸውን የሠሩት። የግእዙን መዝገበ ቃላት የጀመሩት መምህራቸው መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ፤ ለአለቃ ኪዳነ ወልድ አደራ አሉ። እሳቸው ደግሞ ለአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አደራ አሉ። መጽሐፉ የታተመው በ1948 ዓመተ ምሕረት፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ካረፉ በኋላ ነው። አንድ መጽሐፍ ሦስት ሰው ዕድሜውን የሰጠበት ማለት ነው። እና የለንደኖቹ ቁጥር 4 ብለው ሲቀጥሉ ሳይ የሚመጣብኝ ይህ ነው።

ወደ ኖቫ ልመለስ። የተመሠረተችው ወረቀት በኮታ በሚታደልበት አገር ነው። ጦርነቱ አልቋል፤ ስኳሩም፣ ሥጋውም፣ ወረቀቱም ገና በራሽን ነው። በሌላ በኩል ግን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ለኖቫ ጠቅሟታል፤ መንግሥት ዶላር ለመቆጠብ የአሜሪካ መጽሔቶች በነፃ እንዳይገቡ አግዶ ነበርና ያ የመርከብ ተራፊ ወረቀት ተቋርጧል። ነጋዴዎቻችን ይህን ይረዱታል። በሩ ሲዘጋ የአገር ውስጥ አምራች ይተነፍሳል።

በ1950 ሁለተኛ መጽሔት ጨመሩ፤ "ሳይንስ ፋንታሲ" ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እትሞች ዋልተር ጊሊንግስ አዘጋጀ፤ ረዘም ያለ ክፍተት ከተፈጠረ በኋላ ሦስተኛውን ካርኔል ተረከበው። "ኒው ወርልድስ" ስለ ሮኬትና ስለ መሐንዲሶች ከሆነ፣ ይህኛው ለአስማት፣ ለመንፈስ፣ ለተረት በሩን ከፈት ያደርጋል። የሐረር ሰው ሌሊት ከግንቡ ሥር ጅብ በአፉ ሥጋ ሲያጎርስ ያደገ ነው፤ ሁለቱን ለምን እንደለያዩ ብትጠይቁኝ እኔም አይገባኝም። ለሽያጭ ይመስለኛል። የመሐንዲሱ አንባቢ ጠንቋይ ሲያይ መጽሔቱን ያስቀምጣል።

ለኩባንያዋ ከደራሲ ይልቅ ማተሚያ ቤት እንደሚያሰጋት የታወቀው በ1953 ነው። ዳይሬክተሮቹ ወጪ ይቀንስልናል ብለው ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ዞሩ። የወጣው እትም ጥራቱ የወረደ ነበር፤ ዘገየም፤ ክርክር ተነሣ፤ ጉዳዩ ወደ ሕግ ሄደ። "ኒው ወርልድስ" ከ1953 አጋማሽ እስከ 1954 የጸደይ ወራት ድረስ ከገበያ ጠፋች። ርካሽ ማተሚያ ምን ማለት እንደሆነ በኋላ ከራሴ ሕይወት እነግራችኋለሁ።

ያዳናት ማን ነው? ማክላረን የተባለ፣ የሙያና የንግድ መጽሔቶችን የሚያሳትም ጠንካራ ድርጅት። መጀመሪያ ካርኔልን "ለእኛ አዲስ መጽሔት አዘጋጅልን" አለው። ካርኔል ደግሞ "ለምን አዲስ? ኖቫን ያዙ" አላቸው። ያዙ። ከ1954 ጀምሮ "ኒው ወርልድስ" በየወሩ መውጣት ቻለች። የሐሙስ ማታዎቹ ሰዎች ባለቤትነት በዚህ ተሸረሸረ ማለት ይቻላል፤ መጽሔቷ ግን ኖረች። እኔ ብሆን እንደ ካርኔል አደርግ ነበር። አንዳንድ ወጣቶች "ነፃነታቸውን ሸጡ" ትላላችሁ። ልጆቼ፣ የወረቀት ዕዳ ያለበት ሰው ምን ነፃነት አለው?

በዚያው ዘመን አካባቢ ጓደኞቹ መጠጥ ቤት ቀየሩ። ምክንያቱ ያስቃል። የነጩ ፈረስ ቤት ኃላፊ በ1953 "ግሎብ" ወደሚባል ሌላ መጠጥ ቤት ተዛወረ፤ እነሱም ተከትለውት ሄዱ። ስለ ጋላክሲ የሚከራከሩ ሰዎች የአንድ ቢራ ቀጂን እግር ተከተሉ። በርጫ አባወራ ሲቀየር ማን ወዴት እንደሚሄድ የምታውቁ ትስቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት የኖቫ ወርቃማ ዘመን ናቸው። ብራያን አልዲስ የመጀመሪያ ሳይንሳዊ ታሪኩን በ1954 "ሳይንስ ፋንታሲ" ላይ አወጣ። በታኅሣሥ 1956 ጄምስ ግርሃም ባላርድ የተባለ፣ በሻንጋይ ተወልዶ በልጅነቱ በጃፓኖች እስር ካምፕ ውስጥ የቆየ ሰው፣ በአንድ ወር ውስጥ በሁለቱም መጽሔቶች ላይ ታተመ። ካርኔል ከማያውቀው ሰው ሁለት ጽሑፍ ተቀብሎ ሁለቱንም በአንድ ወር አወጣቸው! በ1957 የዓለም የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሜን አሜሪካ ወጥቶ ለንደን ላይ ሲካሄድ ሰብሳቢው ካርኔል ነበር። በ1958 ሦስተኛ መጽሔት ጨመሩ። "ሳይንስ ፊክሽን አድቬንቸርስ" የተባለው ይህ መጽሔት በመጀመሪያ የአሜሪካ መጽሔት ቅጂ ነበር፤ አሜሪካዊው ሲሞት እንግሊዛዊው ቅጂ በራሱ ጽሑፎች ቀጥሎ እስከ 1963 ድረስ 32 እትም ደረሰ። ወላጁ ሞቶ ጥላው የሚሄድ መጽሔት ከዚያ በፊት አልሰማሁም።

ካርኔል ሰው ያያል። በዚህ ነው የምመዝነው። ማይክል ሙርኮክ የሚባል ወጣት ለ"ሳይንስ ፋንታሲ" ተከታታይ ታሪክ እንዲጽፍ ጠየቀው፤ ልጁም በሰኔ 1961 ቆዳው የነጣ፣ ጤናው የደከመ፣ ነፍስ በሚጠጣ ጥቁር ጎራዴ የሚኖር ንጉሥ ይዞ መጣ። ጎራዴው ንጉሡን ያበረታዋል፤ የሚወዳቸውን ሰዎች ግን ይበላበታል። የእኛ የገዳም አባቶች ይህን ቢሰሙ ከየትኛው መንፈስ ጋር ቃል ኪዳን እንደገባ ወዲያው ይነግሩት ነበር።

ከዚያ ሽያጭ ወረደ። በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ባለ ለስላሳ ሽፋን መጻሕፍት በየመደብሩ ሞሉ፤ በ1959 ታግደው የነበሩት የአሜሪካ መጽሔቶችም እንደገና መግባት ጀምረዋል። በ1963 መገባደጃ ላይ ኖቫ መጽሔቶቿን ልትዘጋ መወሰኗ ተነገረ። የካርኔል የመጨረሻ "ኒው ወርልድስ" ቁጥር 141፣ ሚያዝያ 1964 ነው። ኖቫ በላቲን አዲስ ማለት ነው፤ በሥነ ፈለክ ደግሞ በድንገት ደምቆ ቀስ በቀስ የሚደበዝዝ ኮከብ ነው። ስም አውጪው ይህን አስቦ ከሆነ አላውቅም፤ ካሰበ ግን የነጋዴ ስም አይደለም።

ሮበርትስ ኤንድ ቪንተር የተባለ ሌላ አሳታሚ ሁለቱን መጽሔቶች ገዛ። "አዘጋጅ ማን ይሁን?" ሲባል ካርኔል የጠቆመው ያንን የጎራዴውን ልጅ፣ ሙርኮክን ነው። ያን ጊዜ 24 ዓመቱ ነበር። ቁጥሩ 142 ብሎ ቀጠለ። ሙርኮክ መጽሔቷን ወዴት እንደወሰዳት ሌላ ንግግር ያስፈልገዋል፤ አከፋፋይ ከስሮባቸው፣ የጥበባት ምክር ቤት ድጎማ ሰጥቷቸው፣ በ1968 ትልቁ የጋዜጣ መሸጫ ድርጅት አንዱን እትም አልሸጥም ብሏቸው ነገሩ ፓርላማ ደርሷል። ካርኔል ግን በመጽሔት ፈንታ በመጽሐፍ መልክ አዳዲስ ታሪኮችን ማሰባሰብ ጀመረ፤ ያንንም በ1972 እስኪሞት ድረስ አልተወውም።

አሁን የራሴን ልናገር፤ የገባሁት ቃል አለ።

በ1985 ዓመተ ምሕረት የፕሬስ አዋጁ ሲወጣ ያደረገንን ታስታውሳላችሁ። ሳንሱር ቀረ ተባለ፤ አገሩ ሁሉ አሳታሚ ሆነ። እኛም አራት ሰዎች ነበርን፤ አንድ የባቡር ጋራዥ መካኒክ፣ አንድ የሒሳብ መምህር፣ አንዲት ነርስና እኔ። የተገናኘነው የት እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ምንጣፍ ላይ ነው። የምናባዊ ታሪኮች መጽሔት እናውጣ ተባለ። ሲነጋ ነርሷ እየዞረች በየቤታችን ገንዘብ ሰበሰበች። ያለ እሷ ፎቁ ምንጣፉ ላይ ይቀር ነበር። በ1986 ዓመተ ምሕረት 64 ገጽ፣ 500 ቅጂ አሳተምን። ፊደሉን እኔ ለቀምኩ። ጥረዛው ግን እኛ ጋ ውድ ሆነብንና ወደ ሌላ፣ ስሙን ወደማልጠራው ቤት ወሰድነው። ርካሽ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ፤ 64 ገጽ መጽሔት የሚታተመው በአራት እጥፋት ነው። እያንዳንዱ እጥፋት 16 ገጽ ይይዛል። አራቱ ክምር ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፤ ሰብሳቢው ከአንደኛው አንድ፣ ከሁለተኛው አንድ፣ ከሦስተኛው አንድ፣ ከአራተኛው አንድ እያነሣ ይደርባል። የእኛ ሰብሳቢ ከሁለተኛው ክምር ሁለት ሁለት ጊዜ አነሣ። ሁለተኛው እጥፋት እንዴት ለዚያ በቃ ብትሉ፣ ማሽኑ ላይ የነበረው ሰው በስሕተት ሁለተኛውን በእጥፍ አትሞ ነበር። ሦስተኛው ክምር ጠረጴዛው ሥር ቀረ። ሙጫው ደርቆ፣ ጠርዙ ተቆርጦ፣ መጽሔቱ በካርቶን ታሽጎ ግማሹ በባቡር አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ነው ያየነው። አዟሪዎቹ መለሱት። ከተሸጠው የተመለሰው ይበልጣል ስል ማጋነን አይደለም፤ ቆጥሬዋለሁ።

እንደ ካርኔል ሽፋኑን ገፍፎ ማልበስ እኛን አያድነንም፤ የእኛ ጉድለት ከውስጥ ነው። ገንዘቡ አለቀ። መካኒኩ ድርሻውን አልጠየቀንም፤ መምህሩ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ሰላምታ ነፈገኝ። ጠረጴዛ ሥር የቀረውን ሦስተኛ እጥፋት ጠራዡ በኪሎ ሸጦት ኖሯል። በዚያው ዓመት ቀፊራ ዕጣን ልገዛ ሄጄ ሴትዮዋ የጠቀለለችልኝን ወረቀት ቤት ገብቼ ስፈታው ገጽ 41 ነው። እኔው የለቀምኩት ፊደል ነው፤ "ሰ" ላይ የተሰበረች አንዲት እርሳስ ነበረችን፣ በእሷ ነው ያወቅኩት። እና ልጆቼ፣ ሦስተኛው እጥፋት ላይ የነበረው የእኔ ታሪክ ነው። በሕይወቴ የጻፍኩት ብቸኛ ታሪክ፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ጅቡቲ ሲደርስ ባሕሩን ስለሚያጣው ባቡር ነው።

ከ500ው በእጄ የቀረው አንድ ቅጂ ይኸው። ከፊት ወንበር ጀምሮ ይዙር፤ እጃችሁ ላይ ዘይት እንዳይኖር፣ ሽፋኑ ለቋል። ከገጽ 17 እስከ 32 ሁለት ጊዜ ታገኛላችሁ። ከ33 እስከ 48 ያለውን የፈለገ ሰው ካለ ሻዩ ሲቀርብ ወደ እኔ ይምጣ፤ በቃሌ አውቀዋለሁ።